ሪቮልቨር ላይ ሳይኬደሊኩ የቱ ጋ ነው?

ግራ የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቢትልስን ሪቮልቨር ሰሞኑን ሶስቴ ሰማሁት፣ ሳይኬደሊክ ሮክን፣ ያን እንደ ቅዠት የሚያደርገውን ሙዚቃ፣ የጀመረ አልበም ሲባል እሰማ ስለነበር ጭንቅላት የሚያዞር ነገር ነበር የጠበኩት፣ መጀመሪያው ላይ ሰውየው ስለ ታክስ ያማርራል፣ ቀጥሎ ቫዮሊን፣ የሎው ሰብማሪን ደሞ የህፃናት መዝሙር። አልጠላሁትም ግን ምኑ ነው እንደዚህ የተካበደው? እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ጆሮ ብቻ፦
የመጨረሻዋን በደንብ ሰምተሃታል ግን? ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ። የአልበሙ መጨረሻ ላይ ትምጣ እንጂ መጀመሪያ የተቀዳችው እሷ ናት፣ ኤፕሪል 1966። ዘፈኗ ሲ (C) ኖታ ላይ ተተክላ ነው የምትቀረው፣ ከስር ታምቡራ የሚባለው የህንድ የክር መሳሪያ ያንዣብባል። እነዛ እንደ ወፍ የሚንጫጩት ድምፆች ኪቦርድ እንዳይመስሉህ፣ ቴፕ ቆርጠው ጫፍና ጫፉን አጣብቀው ቀለበት አድርገውት ነው፣ አምስት ቀለበት በአምስት ማሽን ባንዴ እየዞረ፣ ቴፑ እንዳይረግብ ሰው ቆሞ በእርሳስ ወጥሮ እየያዘው። ሚክሰሩ ላይ ያሉት ደሞ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ እዛው በቀጥታ ቀዱት፣ ድገሙት ቢባሉ በፍፁም ያው አይመጣም። ዘፋኙ ጆን ሌነን ድምፄን ዳላይ ላማ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ እንደሚያዜመው አርጉልኝ አለ 😂 ኢንጂነሩ ጄፍ ኤመሪክ ገና የ20 አመት ልጅ ነበር፣ ለሃሞንድ ኦርጋን የተሰራውን የሚሽከረከር ሌስሊ ስፒከር አምጥቶ ድምፁን በሱ ውስጥ አሳለፈው። ከመሃል በኋላ ድምፁ ሲቀየር አስተውል።

ዱላ ይዤ፦
ድራሙን እንዴት ረሳኸው!! ቤዝ ድራሙ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ጠቅጥቀው ማይኩን በጣም አስጠጉት፣ የስቱዲዮው ደንብ ያን ያህል ማስጠጋት አይፈቅድም ነበር። ለዛ ነው ደረት ላይ የሚመታህ። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰዎቹ ኬሚካል ብራዘርስ በ1996 ያወጡትን ሴቲንግ ሰን ስማና የድራመሩን የሪንጎን ምት የሚመስል ታገኛለህ፣ 30 አመት ቆይቶ ማለት ነው።

ተከራካሪው፦
ይሄ "ጀመረ" የሚባለው ነገር ግን ያናድደኛል። በርድስ የሚባለው ባንድ ዘፈን ኤይት ማይልስ ሃይ ማርች 1966 ላይ ወጥቷል፣ ሪቮልቨር ደሞ ኦገስት 5። ጠያቂው እውነቱን ነው፣ ግማሹ አልበም ምንም ሳይኬደሊክ የለውም። ለኔ የሚገርመው ሌላ ነው፣ አልበሙ በወጣ ሰሞን አሜሪካ እየዞሩ ኮንሰርት ሲያሳዩ ከሱ አንድም ዘፈን መድረክ ላይ አልተጫወቱም፣ ለመድረክ ብለው የሰሩት ነገር አልነበረማ። ቱሩም የመጨረሻቸው ሆነ። እና ደሞ የትኛውን ነው የሰማኸው? የድሮው የአሜሪካ ቅጂ 11 ዘፈን ብቻ ነው ያለው፣ ሶስት የሌነን ዘፈኖች ወጥተውለታል፣ አይም ኦንሊ ስሊፒንግ ራሱ የለበትም።

ግራ የገባው፦
ኧረ ባለ 14ቱ ነው። ትላንት መብራት አጥፍቼ በሄድፎን ሰማሁት፣ የመጨረሻዋ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ግን ይበልጥ የያዘኝ አይም ኦንሊ ስሊፒንግ ነው፣ ጊታሩ ወደ ኋላ የሚሄድ መሰለኝና ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ አጫወትኩት። ጊታሩ ቀጥ ብሎ የተለመደ ጊታር ሆኖ ቁጭ አለ፣ ሌነን ነው አሁን ወደ ኋላ የሚያንጎራጉረው። ጊታሪስቱ ሃሪሰን ያን ሶሎ ተገልብጦ ሲመጣ እንዲያምር አስቦ ነው የተጫወተው ማለት ነው?

ጆሮ ብቻ፦
አዎ አስቦ ነው። አሁን ሬይን የምትባለዋን ዘፈናቸውን ፈልግና መጨረሻዋን ገልብጣት፣ አልበሙ ላይ የለችም።