እኩል ፒስ ይዤ በወታደር እሸነፋለሁ፣ ምንድነው የማላየው?

ናቲ_ቼዝ፦
ሰላም ሰዎች። ቼዝ ከጀመርኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው፣ ማታ ማታ ከስራ ስገባ ስልኬ ላይ ሊቼስ (የኦንላይን ቼዝ መጫወቻ) እጫወታለሁ። ፎርክ (በአንድ ፒስ ሁለት ማጥቃት)፣ ፒን (ከተነሳ ከኋላው ያለው ስለሚጠቃ የታሰረ ፒስ) ምናምን አሁን ብዙም አያመልጠኝም፣ ፓዝል በደንብ ሰርቻለሁ። ችግሬ ወታደር ነው። ትላንት አንዱን ስጫወት ኩዊኖቹም ሩኮቹም ተበላልተው አለቁ፣ እኔም አንድ ፈረስ እሱም አንድ ፈረስ፣ ወታደር አምስት ለአምስት፣ በቃ ድሮው (አቻ) ነው ብዬ ተረጋግቼ ነበር። ግን የኔዎቹ ሁለቱ ሲ መስመር ላይ አንዱ ከሌላው ፊት ተደራርበዋል፣ አንዷ ደግሞ ኤ ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ሰውዬው ምንም የተለየ ነገር አላደረገም፣ ንጉሱን ቀስ እያለ አመጣና አንድ በአንድ ለቀማቸው። በኋላ በኮምፒውተሩ ሳየው ገና ኩዊኖቹ ሳይወጡ ጀምሮ ተበልጠሃል ይለኛል። እኩል ፒስ ይዞ እንዴት ነው ሰው የሚበለጠው? ደግሞ ወታደር መቼ ነው የሚገፋው መቼ ነው ዝም የሚባለው? እኔ የምሄደው ሲጠፋኝ ወታደር ነው የምገፋው። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ፣ በጣም መሻሻል እፈልጋለሁ።

ፈረስ_በኢ5፦
ወንድሜ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፣ የምሄደው ሲጠፋኝ ወታደር እገፋለሁ ያልከው ነው ነገሩ። ፈረስ ተሳስተህ ብታወጣው ነገ ትመልሰዋለህ፣ ቢሾፑም እንደዛው፣ ወታደር ግን አንዴ ከሄደች ሄደች ነው፣ ወደ ኋላ የለም። ጂ2 ላይ የቆመች ወታደር ኤፍ3ን እና ኤች3ን ትጠብቅልሃለች፣ ካስል አድርገህ (ንጉስህን ወደ ጥግ ከሩኩ አጠገብ ወስደህ) ጂ4 ስትገፋት እነዛን ሁለት ቤቶች ለቀቀቻቸው፣ ኤፍ4 እና ኤች4ንም አልፋቸዋለች፣ ስለዚህ የሰውየው ፈረስ ኤፍ4 ላይ መጥቶ ከተቀመጠ እሷ ልታባርረው አትችልም። እኔ ወታደር ልገፋ ስል የምትሄድበትን ቤት ከማየቴ በፊት ትታው የምትሄደውን አያለሁ፣ ይቺ ልማድ ብቻዋን ብዙ ጨዋታ አትርፋልኛለች።

ያቺ ኤ ላይ ብቻዋን የቀረችው ደግሞ ቢ ላይ ጎረቤት ስለሌላት በወታደር ልትጠበቅ አትችልም፣ ስለዚህ ፈረስህ ከሷ አጠገብ ታስሮ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። የሱ ፈረስ ነጻ ነው፣ ቦርዱን እየዞረ ይሰራል። ሲቆጠር እኩል ናችሁ፣ ስራ ላይ ግን እሱ በአንድ ፈረስ ይበልጥሃል። ኮምፒውተሩ ያየው ይሄንን ነው።

ቤቲ_አሰልጣኝ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ናቲ ይሄን አንብበህ የተደራረበ ወታደር ባየህ ቁጥር እንዳትደነግጥ። ልጆች ሳስተምር የማየው ነው፣ መደራረብ መጥፎ ነው ሲባሉ ጥሩ መብላት ሁሉ ይተዋሉ። ተደራርበው የሩክ መንገድ ከከፈቱልህ ወይም ሁለት ቢሾፕ ካስቀሩልህ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። መጠየቅ ያለብህ ፒሶቹ ሲያልቁ ምን ይቀራል ነው። የሩይ ሎፔዝ ኤክስቼንጅ የሚባለውን ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) እየው፣ ነጭ በቢሾፑ ሲ6 ላይ ፈረሱን ይበላል፣ ጥቁር በዲ ወታደሩ መልሶ ይበላና ሲ ላይ ይደራረባል። ከዛ ዲ4 ተገፍቶ መሀሉ ሲበላላ በንጉስ በኩል ነጭ አራት ጥቁር ሶስት፣ በኩዊን በኩል ጥቁር አራት ነጭ ሶስት ይሆናል። የነጭ አራቱ ተጋግዘው አንዷን የሚያግዳት የጥቁር ወታደር እንዳይኖር ነጻ አድርገው ያሳልፋሉ፣ የጥቁር አራቱ ግን ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ነጭ በደንብ ከተከላከለ ማሳለፍ አይችሉም። ፒስ በተቀነሰ ቁጥር ነጭ እየተመቸው ይሄዳል ማለት ነው፣ አንተም ትላንት ድሮው ነው ብለህ ስትለዋውጥ ወደዚህ አይነት ቦታ ነው የሄድከው።

እና ደግሞ 1914 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የያኔው የዓለም ሻምፒዮን ላስከር ካፓብላንካን ያሸነፈበትን ጨዋታ ፈልገህ እየው፣ ይሄው ኦፕኒንግ ነው፣ ኩዊኖቹ በጊዜ ወጥተዋል። ላስከር ኤፍ4 ላይ የነበረችውን ወታደር ወደ ኤፍ5 ገፋት። ለማየት የሚያስቀይም ሙቭ ነው፣ ኢ5ን ለጥቁር ለቀቀለት፣ ኢ4 ያለችውንም ወታደሩን ብቻዋን አስቀራት። ግን በኤፍ5 ምክንያት ኢ6 የሱ ሆነች፣ ፈረሱን እዛ አስገብቶ ተከለው፣ ካፓብላንካ ከዛ በኋላ መተንፈስ አቃተው። ይሄን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፣ አሁንም ኢ6 ላይ ያለውን ፈረስ ሳይ ደስ ይለኛል። ወታደር ስትገፋ ትከፍላለህ፣ ላስከር የከፈለውንም የገዛውንም ያውቅ ነበር።

ኤንድጌም_ወዳጅ፦
ቤቲ ያልሽው ጨዋታ በጣም ቆንጆ ነው ግን ለሱ አሁን ትንሽ ይከብደዋል ባይ ነኝ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ወታደር ብቻ ያለበትን ኤንድጌም (የጨዋታ መጨረሻ) ነው የማስጀምረው፣ ምክንያቱም ፒስ ሲቀንስ ነው የወታደር ጉልበት ፍጥጥ ብሎ የሚታየው።

ናቲ ቦርድ ካለህ ይሄን ደርድር። ነጭ ኤ5፣ ቢ5፣ ሲ5። ጥቁር ኤ7፣ ቢ7፣ ሲ7። የነጭ ንጉስ ኤች1 የጥቁር ኤች5፣ ሌላ ምንም የለም፣ ተራው የነጭ ነው። ሲያዩት ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙ ነው የሚመስሉት። ነጭ ቢ6! ይላል። በኤ ወታደሩ ከበላ ሲ6! ትላለህ፣ እሱንም ከበላ ያንተ ኤ ወታደር መንገዷ ተጠረገ፣ ኤ6 ብላ ቀጥ ብላ ኩዊን ትሆናለች። በሲ ወታደሩ ከበላ ደግሞ ኤ6! ትላለህና ያቺ ሲ5 ያለችው ታልፋለች። ሁለት ወታደር በነጻ ሰጥተህ በሶስተኛዋ ታሸንፋለህ። የጥቁር ንጉስ ሩቅ ስለሆነ አይደርስም፣ ቅርብ ቢሆን ሁለቱን በልቶህ ያርፍ ነበር። አሁን ተራውን ለጥቁር ስጠውና ምን ቢጫወት እንደሚድን ፈልግ፣ ኮምፒውተር አትክፈት።

ጋሽ_ሰንጠረዥ፦
ልጆች ደስ የሚል ውይይት ነው የያዛችሁት። ወታደር የቼዝ ነፍስ ነው የሚለው ነገር የመጣው ከፈረንሳዩ ፊሊዶር ነው፣ በ1749 የጻፈው፣ ሰውየው ሙዚቀኛም ነበር። በኛ የድሮ ሰንጠረዥ (በኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ) ወታደር ከመጀመሪያውም አንድ ቤት ብቻ ነው የምትራመደው፣ ሁለት የለም። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ተራ መጠበቅ የለም፣ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ሰልፋቸውን እያዩ እየተያዩ ያስተካክላሉ፣ ወረራ ነው የሚባለው። ናቲ ልጄ፣ ከመነካካትህ በፊት የሰውየውን የወታደር አሰላለፍ አይተህ የራስህን ማቆም ከዛ መማር ይቻላል፣ ኦፕኒንግ ላይ እንደዛ አድርገህ ሞክረው።

ናቲ_ቼዝ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም። ኤንድጌም_ወዳጅ ያልከውን በካርቶን ቦርድ ደርድሬ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፣ ጥቁር ቢ6 ካለ ይድናል አይደል? መሀለኛዋን ራሱ ቀድሞ ከገፋት ነጭ የሚሰብርበት የለውም፣ ሌላውን ሁሉ ሞከርኩ ይሸነፋል። የትላንቱንም ጨዋታ እንደገና ከፈትኩት፣ ያቺ ኤ ወታደር ብቻዋን የቀረችው ገና በአስራ አንደኛው ሙቭ ቢ4 ስል ነው፣ እሱ በላት እኔ በሲ ወታደር መብላት ስችል በፈረስ በላሁ። ቤቲ የላስከሩን ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ያልገባኝን እዚሁ እጠይቅሻለሁ።

ኤንድጌም_ወዳጅ፦
አዎ ቢ6 ነው፣ ጎበዝ። አሁን የጥቁሩን ንጉስ ከኤች5 እያነሳህ አንድ አንድ ቤት ወደ ኢ አቅርበውና ነጭ ሲጀምር ከየት ጀምሮ ማሸነፍ እንደሚያቅተው ቁጠር።