ከጓሮ የተረፈውን ቃሪያና ሚጥሚጣ ሳይበላሽ ለማቆየት

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሰኔ ወር በጓሮዬ የተከልኳቸው ሠላሳ ያህል የቃሪያና ዐሥራ ሁለት የሚጥሚጣ ችግኞች ከጠበቅሁት በላይ አፍርተው፣ በዚህ በጥቅምት በየሦስት ቀኑ አንድ ዘንቢል እለቅማለሁ። ለጎረቤት አዳርሻለሁ፤ እኛም ስንግ እየሠራን በየማዕዱ ብናቀርበውም፣ ቤታችን ያለነው አራት ሰዎች ብቻ በመሆናችን ሊያልቅልን አልቻለም። ባለፈው ሳምንት ከቀላው አምስት ኪሎ ያህል በላስቲክ ላይ አስጥቼ፣ በአራተኛው ቀን ስገላብጠው ከሥር ያለው ላብ አውጥቶ፣ አንዱን ስከፍተውም ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ይዞ አገኘሁት። የደከምኩበትን ሁሉ መጣሌ በጣም አሳዝኖኛል። አሁንም አረንጓዴው፣ መቅላት የጀመረውና ፈጽሞ የቀላው ተደባልቆ ስምንት ኪሎ ያህል በእጄ ስላለ፣ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ 1 (ከማረቆ)፦
የሻገተውን መጣልዎ ትክክል ነው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችልና ይህም መርዝ በማብሰል ስለማይጠፋ፣ አጥቦ ወይም ቆልቶ ማስፈጨት ፈጽሞ አይገባም።

ችግሩ የመጣው ከላስቲኩ ይመስለኛል። የቃሪያ ሥጋ ወፍራም፣ ቆዳውም ውሃ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ ከሥሩ ነፋስ ካላገኘ በራሱ እርጥበት ይታፈናል። በእኛ አካባቢ በርበሬ የሚሰጣው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ነው፤ እርስዎም ወንፊት ሽቦ ወይም ሰሌን በአራት ድንጋይ ላይ አንሥተው፣ ዛላው እንዳይደራረብ አድርገው ይበትኑት፤ ወፍራም ወፍራሙንም በቁመቱ ይሰንጥቁት። ማታ ጤዛ ሳይወርድበት ወደ ቤት ይግባ፤ ነገር ግን ተከምሮና ተሸፍኖ እንዳያድር። ሚጥሚጣው ስስ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ይደርቃል። መድረሱን የሚያውቁት፣ አንዱን ዛላ አንሥተው በጆሮዎ አጠገብ ሲነቀንቁት ፍሬው ሲንኮሻኮሽ፣ ሲያጥፉትም ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከዚያ በፊት ዕቃ ውስጥ ከከተቱት ያው ሻጋታ ይመለሳል።

ለማድረቅ የሚሆነው ፈጽሞ የቀላው ብቻ ነው። መቅላት የጀመረውን ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ዘርግተው ቢያቆዩት ይቀላል፤ አረንጓዴው ግን ገርጥቶ ስለሚደርቅ ቀለምም ጣዕምም አይኖረውም።

መልስ 2 (ከወላይታ ሶዶ)፦
አረንጓዴው ለዳጣ ነው! እኔ ለሁለት ኪሎ ቃሪያ ሩብ ኪሎ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ሦስት ዝንጅብሎች፣ አንድ እፍኝ እርጥብ በሶብላ፣ ጥቂት ጤና አዳም፣ የተፈለፈለ ኮረሪማና ጨው እጨምራለሁ። ቃሪያው ከታጠበ በኋላ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይጠፈፍ። መፍጫ መኪና ቢኖርም እኔ የምመርጠው ወፍጮና መጁን ነው፤ ምክንያቱም በድንጋይ ሲፈጭ በሶብላው ቀስ በቀስ ዘይቱን እየለቀቀ ከቃሪያው ጋር ይዋሐዳል፣ መዓዛውም ቤቱን ይሞላዋል። ከፈጨሁ በኋላ በጠርሙስ አድርጌ፣ ላዩን በዘይት ሸፍኜ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

መልስ 3 (ከአዲስ አበባ)፦
የዳጣው አሠራር ግሩም ነው፤ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን በአክብሮት አልስማማም። የምግብ ሳይንስ የተማርኩ እንደመሆኔ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚመጣ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊይዙ ይችላሉ፤ ዘይቱ አየር ሲከለክል፣ አሲዱም አነስተኛ ሲሆን፣ ባክቴሪያው በክፍል ሙቀት አድጎ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ምግቡ ሳይሸትና መልኩ ሳይለወጥ ሊመርዝ መቻሉ ነው አስፈሪው። ስለዚህ በጥቂት ቀናት የሚበላው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ የቀረውን በበረዶ መሥሪያው ትሪ እየሞሉ ያቀዝቅዙት፤ ለአንድ ማዕድ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ማውጣት ይበቃል።

ቃሪያውን በኮምጣጤ ማቆየትም ይቻላል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ አሲድ የሚል ኮምጣጤ ይምረጡ፤ ከእኩል ውሃና ከጨው ጋር አፍልተው፣ ኮምጣጤው ውስጡ እንዲገባ እያንዳንዱን ቃሪያ ሰንጥቀው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ይጨምሩበትና ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት። እንዲሁ ሳይፈጭ ማቀዝቀዝም ቀላል ነው፤ ታጥቦና ደርቆ በከረጢት ይገባል። ሲወጣ መንኮሽኮሹን ስለሚያጣ ለወጥ እንጂ ለስንግ አይሆንም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ለይቼ ስመዝነው ሦስት ኪሎ ተኩል ቀይ፣ የቀረው አረንጓዴና መቅላት የጀመረ ሆነ፤ ቀዩ አሁን ወንፊት ላይ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሚጥሚጣውን በባዶ እጄ ቀንጥሼ፣ ደጋግሜ ብታጠብም ጣቶቼ እስከ አሁን እየተቃጠሉ ነው።

መልስ 2 (ከወላይታ ሶዶ)፦
አይዞዎት። የሚያቃጥለው ነገር የሚሟሟው በውሃ ሳይሆን በቅባት ስለሆነ፣ መጀመሪያ እጅዎን በምግብ ዘይት በደንብ አሽተው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ እስከዚያው ዓይንዎን አይንኩ። ለቀጣዩ ለቀማ ጓንት ያድርጉ፤ በተለይ ፍሬው የተጣበቀበትን ነጭ ሥር ሲያወጡ፣ የበረታው ማቃጠል ያለው እዚያ ነውና። ስለ ዘይቱም መልስ 3ን አመሰግናለሁ፤ መደርደሪያዬ ላይ የነበሩትን ሁለት ጠርሙሶች አስወግጃለሁ።