የተባይ መከላከያ ግራንት፦ እኩል ይከፋፈል ወይስ ይወዳደሩበት?

አወያይ
የዛሬው ክርክር ይህ ነው። ብዙ አካባቢዎችን አንድ ላይ ለሚመለከት የሰብል ተባይ መከላከል ሥራ ግራንት፣ ማለትም ከለጋሽ የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ፣ ተገኘ እንበል። ገንዘቡ ለሁሉም አካባቢ እኩል ይከፋፈል? ወይስ ጥሩ ፕሮፖዛል ላቀረበ ይሰጥ? ሌላ መንገድ አለኝ የሚል ካለም ይምጣ። ስድብ ግን የለም።

ሂሳብ ክፍል
እኔ እኩል ይከፋፈል ባይ ነኝ። ውድድር ሲባል ሁሌም የሚያሸንፈው ፕሮፖዛል መጻፍ የሚያውቅበት ነው። ተባይ ያስቸገረው ሌላ፣ ወረቀት አሳምሮ የሚልከው ሌላ። ራቅ ያለው አካባቢ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይቀራል። እኩል ሲሆን ቢያንስ ሁሉም ጋ የሆነ ነገር ይደርሳል።

ተመራማሪዋ
ወንድሜ፣ ስለ ወረቀቱ ያልከው እውነት ነው። ግን ተባይ ወሰን አያውቅም። መጤው ተምች የሚባለው የበቆሎ ትል ወደ እሳት ራት ሲለወጥ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሊበር ይችላል። ገንዘቡን ቆራርሰህ ስታድለው ሁሉም ጥቂት መርጫ ይገዛል፣ አንድ ስልጠና ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ።

ሥሩ የሚበላውን ተክል የካሳቫን ታሪክ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሚሊባግ የሚባል፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ተባይ ከደቡብ አሜሪካ አፍሪካ ገባ። ካሳቫውን አወደመው። መድኃኒቱ የተገኘው ለየሀገሩ ኬሚካል በማከፋፈል አይደለም። የተፈጥሮ ጠላቱ ፍለጋ እዚያው ተባዩ ወደ መጣበት አህጉር ተሄደ። ፓራጓይ ውስጥ አንዲት ደቃቃ ተርብ ተገኘች። ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ኢንስቲትዩት ተራብታ በ1981 ናይጄሪያ ውስጥ መለቀቅ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ድንበር እያቋረጠች ሠራች። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። ያ ገንዘብ ለየሀገሩ እኩል ቢካፈል ኖሮ ፓራጓይ ድረስ ማን ይሄድ ነበር?

ሂሳብ ክፍል
የተሳካውን መርጦ ማምጣት ቀላል ነው። ሪፖርቱ ታትሞ መደርደሪያ ላይ የቀረው ስንት ነው? ገበሬው ዘንድሮ ነው የሚበላው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አይደለም።

ከማሳ
ዘንድሮ የሚባለውም እኮ ኬሚካል ማለት ከሆነ ችግር አለው። ትሉ ከፍ ካለ በኋላ የበቆሎው ሙሽራ ቅጠል፣ ገና ያልተዘረጋው የመካከሉ ቅጠል፣ ውስጥ ይወሸቃል። ከላይ በራሱ ኩስ ይደፍነዋል፣ የመጋዝ ብናኝ ይመስላል። የምትረጨው ነገር እሱ ጋ አይደርስም። እኛ ጋ ደግሞ ድጋፉ የሚመጣው ሁሌም ያኔ ነው። ትሉ ከጠገበ በኋላ።

ተመራማሪዋ
ይህን ካነሳህ ኢንዶኔዥያን ልጨምር። ለኬሚካል ትልቅ ድጎማ ይሰጡ ነበር። የተረጨው መድኃኒት ሸረሪቶቹንና ሌሎቹን የተባዩ ጠላቶች ፈጀ፣ ሩዙን የሚመጥጠው ቡናማ ነፍሳት ግን ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ከሩዝ ማሳ ታገደ። ድጎማውም በሂደት ቀረ። የመንግሥት ገንዘብ ራሱ ተባይ ሲያረባ ነበር ማለት ነው።

አሳሹ
ሁለታችሁም የምትከራከሩት ተባዩ ከመጣ በኋላ ስለሚወጣው ገንዘብ ነው። እኔ መጀመሪያ ለአሰሳ፣ ተባዩ ሳይበዛ ፈልጎ ለማግኘት፣ ይመደብ እላለሁ። ከዚያ የቀረውን እንደፈለጋችሁ።

እ.ኤ.አ. የ2019 እና የ2020 የበረሃ አንበጣ ከየት ተነሳ? እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሳይክሎኖች (ከባሕር የተነሱ ከባድ ዝናብ ያዘሉ አውሎ ነፋሶች)፣ አንዱ በግንቦት ሌላው በጥቅምት፣ የአረቢያን ባዶ በረሃ አራሱት። አንበጣው እዚያ፣ ሰው በሌለበት፣ ለሦስት ትውልድ ያህል ሳይታወቅበት ተራባ። ሲወጣ የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ብቻ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል። በ2020 መጀመሪያ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት 138 ሚሊዮን ዶላር ለመጠየቅ ተገደደ። አንበጣው ገና ክንፍ ሳያወጣ ቢያዝ ኖሮ ወጪው ከዚህ ጋር አይወዳደርም ነበር።

አሰሳ ግን ማንም አይወደውም። ምረቃ የለው፣ ሪባን የለው። የተምች ወጥመድ አይታችኋል? ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ክዳኑ ሥር የሴቷን ሽታ የሚመስል ማማለያ ይንጠለጠላል። ወንዱ ሽታውን ተከትሎ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። አንድ ሰው በየሳምንቱ ከፍቶ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል። ማማለያው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሽታው ስለሚጠፋ ይቀየራል። በቃ ይኸው ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማማለያውም ያልቃል፣ ባልዲው ውኃ መቅጃ ይሆናል። ይህን ቆጠራ ማን ፕሮፖዛል ጽፎ ያሸንፍበታል? አዲስ ነገር አይደለማ!

ተመራማሪዋ
አሰሳው ላይ አልከራከርም። ግን የዕለት ተዕለት ሥራ በግራንት መሸፈን የለበትም። ከመደበኛ በጀት ነው መውጣት ያለበት። ለጋሽ ከከፈለማ መንግሥት ለምን ብሎ ይከፍላል? እጁን ይሰበስባል። ግራንቱ ሲቆም ደግሞ ባዶ።

አሳሹ
እስማማለሁ፣ ግን ዛሬ በጀቱ የለም። ግራንቱ ይጀምረው፤ በየዓመቱ የመንግሥት ድርሻ ከፍ እንዲል ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህ ካልተፈረመ ገንዘቡ አይለቀቅ። ሌላም አለ። ከግራንቱ የተወሰነው ለድንገተኛ ይቀመጥ። የወጥመዱ ቆጠራ አስቀድሞ ከተወሰነው ቁጥር ሲያልፍ ስብሰባ ሳይጠራ ይለቀቅ።

ሂሳብ ክፍል
እዚህ ላይ እኔን ስሙኝ። የተቀመጠ ገንዘብ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ተመላሽ ይሆናል። ተባይ የሌለበት ዓመት ከመጣ ሁሉም ሰው ሰኔ ላይ ይሯሯጣል። የማያስፈልግ ኬሚካል ይገዛል፣ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። ያንን ማስወገድ ደግሞ ከመግዛቱ የባሰ ጣጣ ነው። ስለዚህ የተረፈው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይዛወራል የሚል አንቀጽ ከሌለ የድንገተኛ ገንዘብ የሚባለው ወሬ ነው። አንቀጹ ካለ እኔ እፈርማለሁ። ወጥመዱ ግን ለሁሉም አካባቢ እኩል ይዳረስ፣ ከዚህ አልወርድም።

ተመራማሪዋ
ወጥመዱ እኩል ይሁን። በተባዩ መንገድ ላይ ያለው ግን በዛ ያለ ያስፈልገዋል፣ እኩል ማለት ተመሳሳይ ማለት አይደለም። የምርምሩ ገንዘብ ደግሞ በውድድር። ወረቀት መጻፍ ለከበደው ባለሙያ ተመድቦ ያግዘው።

ከማሳ
ጥሩ። አንድ የረሳችሁት አለ። ባልዲውን በየሳምንቱ የሚከፍተው ሰው ማነው? እኛ ነን። በነጻ እንድንቆጥር አስባችሁ ከሆነ ለሁለት ሳምንት እንቆጥራለን፣ ከዚያ ቁጥሩን ከጭንቅላታችን እንሞላዋለን። በጀቱ ላይ የቆጣሪ አበል የሚል መስመር የታለ?

ሂሳብ ክፍል
የለም። ይጨመር። ከስልጠናው ሻይና ቡና ይቀነስ።