ከጎንደር የምንጽፈው ደብዳቤ በስደት ያለውን ልጃችንን ይረዳዋል ወይስ ይጎዳዋል?

የማራኪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የአክስቴ ልጅ በእንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቆ ጥያቄው ውድቅ ሆኖበታል፤ ይግባኙም ሳይሰምርለት ቀርቶ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ አገር ቤት ሊመልሱት ማቆያ አስገብተውታል። እዚያ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ምእመናንና ጥቂት የአገሩ ተወላጆች ተሰባስበው ለሚኒስትሩም ለምክር ቤት አባላቸውም ደብዳቤ እየጻፉለት ነው። ለእኛም በዋትሳፕ አንድ ገጽ ጽሑፍ ልከው «ይህንኑ አባዝታችሁ የምታገኙትን ሰው ሁሉ አስፈርሙ» አሉን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስቴ ቤት ተሰበሰብንና አርባ ቅጂ አዘጋጀን። ቄስ አጎታችን ግን የተላከው ጽሑፍ ደረቅ ነው ብለው በራሳቸው እጅ አንድ አንቀጽ ጨመሩበት፤ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጨዋ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ፖለቲካ በሚባል ነገር ፈጽሞ እጁን አስገብቶ የማያውቅ መሆኑን የሚመሰክር ነው። አክስቴ ሲነበብላት አለቀሰች። ወንድሜ በበኩሉ «ከማራኪ የተላከን ወረቀት የትኛው የፈረንጅ ሚኒስትር ቁጭ ብሎ ያነባል?» ብሎ ሁላችንንም ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብን።

ፖስታው ገና አልተላከም። ለማን ቢጻፍ ይሻላል? አርባ ፊርማ ጥቅም አለው? ከቀበሌስ የድጋፍ ደብዳቤ እናምጣ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

አንገረብ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያውጣላችሁ። ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት በውጭ አገር ስኖር ለእስረኞች ደብዳቤ ከሚጽፍ ቡድን ጋር ለዓመታት በየወሩ እገናኝ ስለነበር፣ የወንድምሽን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ራሴ ጠይቄዋለሁ።

የዚህ ሥራ ታሪክ የሚጀምረው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ፒተር ቤነንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ስለ ተረሱ እስረኞች በአንድ ጋዜጣ ላይ ጽፎ አንባቢዎች ለየመንግሥታቱ ደብዳቤ እንዲልኩ ጠየቀ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተወለደው ከዚያ ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ቡድን ሦስት እስረኛ ይሰጠው ነበር፤ አንዱ ከምዕራቡ ወገን፣ አንዱ ከሶሻሊስቱ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ካልሆነ አገር። ለአንድ ወገን ያደላ ደብዳቤ በማግስቱ ተአማኒነቱን ያጣልና። «አስቸኳይ ጥሪ» የሚባለው አሠራር የመጣው ደግሞ በመጋቢት 1973 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ለታሰረ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲጻፍ ነው። በዚህ ጊዜ ወር መጠበቅ ቀርቶ በቀናት ውስጥ ቴሌግራም ይላክ ነበር፤ ድብደባ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆኑ ስለታወቀ ነው።

ይሠራል ወይ? በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ራቁቱን ታስሮ የነበረ አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ከተፈታ በኋላ የተናገረውን በቡድናችን ለአዲስ አባል ሁሉ እናወራ ነበር። የመጀመሪያው 200 ደብዳቤ ሲደርስ ጠባቂዎቹ ልብሱን መለሱለት፤ ቀጣዩ 200 ሲደርስ የወህኒ ቤቱ አዛዥ ራሱ ሊያየው መጣ፤ ደብዳቤው ሲበዛ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ መሪ ደረሰ። ይሁን እንጂ ደብዳቤ ብቻውን አስፈታ ብዬ አልምልም። ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ዳግመኛ ስትታሰር ከብዙ አገር ተጽፎላታል፤ የተፈታችው ግን ምርጫ ካለፈ በኋላ በመስከረም 2003 ዓ.ም. በይቅርታ ነው። ለፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ለዓመታት ተጽፎ ነበር፤ ለሕክምና ሲለቀቁ ጤናቸው እጅግ ተጎድቶ ስለነበር በ1991 ዓ.ም. በሰው አገር አረፉ። ሚዛኑን ለራስሽ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ አርባው ቅጂ ልምጣ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር ተቀምጦ ያየውን ሲጽፍ፣ በቤተ መንግሥቱ በርና መስኮት ዙሪያ ቀኑን ሙሉ «ጃንሆይ፣ ፍረዱኝ» እያለ የሚጮህ አቤት ባይ አይታጣም ነበር ይላል። በክረምት ዝናብ ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ተብሎ ለመጮህና ለማልቀስ የሚሰማራ ሰው ነበር። አርባ ጊዜ የተገለበጠ ደብዳቤ ለእኔ ያንን የክረምት ጩኸት ይመስለኛል፤ ሰሚውም ለይቶ ያውቀዋል። አራት ሰው በየራሱ ቃል ቢጽፍ ይሻላል። የምክር ቤት አባሉን ለዚያው አካባቢ ነዋሪዎች ተዉላቸው፤ በእንግሊዝ ልማድ አንድ አባል የሚከታተለው የመራጮቹን ጉዳይ ብቻ ነው። ከጎንደር የሚሄድ ደብዳቤ የሚጠቅመው በልጁ ጠበቃ እጅ ከገባ ነው፤ በደብዳቤው ራስጌም ልጁ ከእንግሊዝ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የተሰጠው የመዝገብ ቁጥር መጻፍ አለበት። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የማን ፋይል ውስጥ ይገባል?

ጠዳ፦

ጊዜ አታጥፉ። ፎቶውንና ሙሉ ስሙን በቲክቶክና በፌስቡክ ልቀቁት። ዛሬ የሚፈራው ደብዳቤ ሳይሆን ሕዝብ ነው።

የፒያሳው ጠበቃ፦

ጠዳ የሚሉትን እባክዎ እንዳይሞክሩት፤ ቢያንስ ልጁና ጠበቃው ሳይፈቅዱ። ለእስረኛ የሚደረግ ዘመቻ ስሙ በታወቀ ቁጥር ይበረታል፤ አሳሪው መንግሥት ማንን እንዳሰረ ያውቃልና የሚደበቅ ነገር የለም። የጥገኝነት ጠያቂ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ማመልከቻው ምስጢር ሆኖ የሚያዘው ይሸሸዋል የተባለው አካል እንዳያውቅ ነው፤ ፎቶው አደባባይ ወጥቶ ልጁ የተመለሰ እንደሆነ ግን ቦሌ ሲደርስ ሁሉም ያውቀዋል። ማራኪ የቀሩት ቤተሰቦቹም አሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እህቴ፣ የቄስ አጎትዎን አንቀጽ ሳነብ ደነገጥሁ። ልጁ ጥገኝነት የጠየቀበት ምክንያት ምን እንደሆነ አልጻፉም፤ እዚህ እንዲጽፉትም አልፈልግም። ነገር ግን «በፖለቲካ አመለካከቴ ምክንያት ታስሬ ነበር» ብሎ ከሆነ፣ «ፖለቲካ በሚባል ነገር ፈጽሞ እጁን አስገብቶ የማያውቅ» የሚል፣ አርባ ሰው የፈረመበት የገዛ ቤተሰቡ ምስክርነት ለጠያቂው ሳይሆን ለከልካዩ የሚያገለግል ማስረጃ ነው። ጨዋነትን መመስከር በእኛ ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፤ ለዋስትናም ለጋብቻም ይጠቅማል። የስደተኞች ሕግ ግን ጨዋነቱን አይጠይቅም። በ1951 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ወደሚወድቅበት አገር ስደተኛን መመለስ ይከለክላል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በአንድ ማኅበራዊ ወገን አባልነቱ ምክንያት ያ አደጋ አለ ወይ የሚለው ነው። ጨዋ ያልሆነ ሰውም ጥገኝነት ማግኘት ይችላል።

ጥያቄው አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ በእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ደንብ ቁጥር 353 መሠረት እንደ አዲስ የሚታየው፣ ቀደም ሲል ከቀረበው በጉልህ የተለየና ውጤት ሊለውጥ የሚችል ነገር ከቀረበ ነው። ሰነዱም ለብቻው አይመዘንም፤ ከቀሪው ማስረጃ ጋር ተያይቶ የሚታመን መሆኑን ማሳየት የአመልካቹ ፈንታ ነው። በመሆኑም የምትጽፉት በዓይናችሁ ያያችሁትንና በጆሯችሁ የሰማችሁትን ብቻ ይሁን። ወሬ ከሆነ ከማን እንደሰማችሁ ይጻፍ። የተላከላችሁን ጽሑፍ አትገልብጡ፤ ልጁ የተናገረውንም አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ከዚያ ጋር ለማስማማት አትሞክሩ። ተጠንቶ የተጻፈ ምስክርነት ያስታውቃል።

ብዙ ጊዜ ጉዳይ ሲያበላሽ ያየሁት ቀን ነው። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ ጋር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ በ7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ በ8 ዓመት ይለያያል፤ አንዱ ተርጓሚ 7 ሲደምር ሌላው 8 ይደምርና ያው እስር በሁለት የተለያየ ዓመት የተፈጸመ ይመስላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለው እንደወረደ ሲተረጎም የምሽት 8 ሰዓት ሆኖ፣ ልጁ በቃሉ በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 2 ሰዓት ብሎ ከሆነ ውሸታም ያሰኘዋል። በአማርኛው «ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑን በእርግጥ ካላስታወሳችሁ በበዓል ወይም በጾም ጠቁሙ እንጂ በግምት አትሙሉ። የልጁ ስም በፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት አጻጻፍ በትርጉሙም ሳይለወጥ ይቀመጥ።

ቀበሌን በተመለከተ፣ «መንግሥት ያሳድደዋል» ብሎ ማኅተምና ቲተር የሚመታ ጽሕፈት ቤት ካገኙ ለእኔም ይጠቁሙኝ። እንዲህ ያለው ወረቀት አልፎ አልፎ በገንዘብ ይሠራል፤ ሐሰትነቱ የተደረሰበት ቀን ግን እውነተኛውንም ሰነድ ይዞት ይሞታል።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ጸሐፊው የመታወቂያውን ቅጂ ያያይዝ፣ ይፈርም፣ ቀን ይጻፍ። ትርጉሙን የሠራው ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ። መጀመሪያ ተቃኝቶ በኢሜይል ለጠበቃው ይድረስ፤ ዋናው በፖስታ ይከተል። የመጣበትን ፖስታም እዚያ ያሉት እንዳይጥሉት አደራ በሉ፤ ሰነዱ ከየትና መቼ እንደተላከ የሚያሳየው የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው።

የወለቃው፦

ጠበቃው ስለ ማስረጃ ብለዋል፤ እኔ የምጨምረው ለልጁ ለራሱ እንድትጽፉለት ነው። በሌላ አገር ማቆያ ሰባት ወር ተቀምጫለሁ። አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት በየሁለት ሳምንቱ ፖስት ካርድ ይልኩልኝ ነበር፤ ስለ ጉዳዬ አንድ ቃል አያነሡም፤ ስለ ጓሯቸው ጽጌረዳና በአጥር ሾልካ ስለምትገባ የጎረቤት ድመት ነው የሚጽፉት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር አንዷን ካርድ በመዝገበ ቃላት ሦስት ቀን እያነበብሁ እቆይ ነበር። ስሜ በካርዱ ላይ ስለሚጻፍ ዘበኞቹ በቁጥር መጥራት ትተው በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ቤተሰቤ ግን ሲደውል ሁልጊዜ «ምን ተባለ?» ብቻ ነበር የሚለኝ፤ የምመልሰው ስላልነበረኝ ስልክ ሲጠራ መደበቅ ጀመርሁ። እህቴ፣ በጉ ስንት ተሸጠ፣ ማን ታጨ፣ ለጥምቀት ማን ምን ለበሰ፣ ይህን ጻፉለት። እዚያ ያሉት ምእመናን ማቆያው የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ይጠይቁላችሁ፤ ገንዘብ በፖስታ ውስጥ አትክተቱ።

የማራኪዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጁ ጠበቃ ጋር በአስተርጓሚ ተነጋገርን፤ ስለ አጎታችን አንቀጽ የተባለው እውነት ነበር፤ ብንልከው ልጁ ራሱ ከተናገረው ጋር በቀጥታ ይጋጭ ነበር። አርባውን ቅጂ ለማንደጃ አደረግነው።

አጎታችን መጀመሪያ ተቀይመው ነበር፤ «እኔ ስለ ጨዋነቱ ካልመሰከርሁ ማን ሊመሰክር ነው?» አሉ። የፒያሳውን ጠበቃ መልስ ሳነብላቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና፣ «ያየሁትንማ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ከዚያ የነገሩንን እኛ ቤተሰቡ እንኳ በሙሉ አናውቀውም ነበር። ልጁ የተያዘው ነሐሴ 2 ቀን፣ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ነው። እርሳቸው ከቅዳሴ ሲወጡ በየቀኑ የጾም ምሳ በምሳ ዕቃ ይዘው ወደ አንድ ጣቢያ ይመላለሱ ነበር። በቡሄ ዕለት ከሰፈር ልጆች ሙልሙል አንዱን ይዘውለት ሄደው፣ ዘበኛው ውስጡን ለማየት ዳቦውን በጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰብሮ አንዱን ግማሽ ብቻ አስገባላቸው፤ ልጁም በማግስቱ፣ ነሐሴ 14 ቀን ተለቀቀ። ለእናቱ እንዳትታመም ብለው ግማሹን ዳቦ አልነገሯትም።

ይህ ሁሉ እስካሁን በቀረበው ወረቀት ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ትናንት ማታ በራሳቸው እጅ በአሥራ አራት መስመር ጻፉት፤ ዓመቱን «ዓ.ም.» ብለው፣ የበዓሉንም ስም ጨምረው። ስለ ጨዋነቱ አንድ ቃል እንኳ ልጨምር ብለው ለምነው ነበር፤ ከለከልናቸው። አክስቴም ለልጇ ብቻ የሚሆን ሌላ ደብዳቤ አስጽፋለች፤ ስለ ጥጃዋ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ጎንደር ውስጥ ስሙንና አድራሻውን አስፍሮ፣ ፈርሞ የሚተረጉም ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠቁሙኝ፤ የልጁ ጠበቃ እስከ ሐሙስ ብለውናል።