ከሐዋሳ ወደ አቡ ዳቢ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት፦ የመምህራን የዕለት ኑሮና ጉዞ በእርግጥ ምን ይመስላል?

ጥያቄ፦ የሐዋሳ የሒሳብ መምህርት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። በቅርቡ አቡ ዳቢ ካለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት የሥራ ውል ቀርቦልኛል፤ ሥራው የሚጀምረው በነሐሴ አጋማሽ ነው። ውሉ መኖሪያ ቤት፣ የጤና መድንና በዓመት አንድ ጊዜ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚሰጠኝ ይገልጻል። ባለቤቴ እዚሁ ሥራ አለው፤ ሁለቱ ልጆቻችንም ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በውጭ አገር የሚያስተምሩ መምህራን የሚለጥፏቸውን የጉዞ ፎቶግራፎች ስመለከት ሕይወታቸው በሙሉ ሽርሽር ይመስላል፤ በተራው የሥራ ቀን ምን እንደሚውሉ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ቀኑ እንዴት ይውላል? በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደ ሌሎቹ መምህራን መጓዝ ይቻላል? ቤተሰቤን ይዤ ልሂድ ወይስ ብቻዬን ልቅደም? ከልምዳችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ የፊዚክስ መምህር፣ አቡ ዳቢ

መምህርት፣ እንኳን ደስ አለዎት። የምኖረው እዚሁ አቡ ዳቢ ስለሆነ ከዕለት ውሎው ልጀምር። ትምህርት የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ መምህሩ ግን ከዚያ ቀድሞ ደርሶ ተማሪ የመቀበል ተራ ይኖርበታል። የራስን ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ወደ ቤት መሄድ የሚባል ነገር እዚህ አይታወቅም። ባዶ ክፍለ ጊዜ ሲኖርዎ በቀረ መምህር ምትክ ይገባሉ፤ በዕረፍት ሰዓት ግቢ ይጠብቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ክበብ ይመራሉ፤ ማታ ደግሞ የወላጆች ኢሜይል ይጠብቅዎታል። ወላጅ ከፍተኛ ክፍያ ስለሚከፍል ስለ ልጁ ቶሎ ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህ መብቱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሆኖም የመምህሩን ጉልበት ይጨርሳል።

እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ዓርብ የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። ቀድሞ እሑድ የሥራ ቀን ስለነበረ ለውጡ ቤተ ክርስቲያን ለምንሄድ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ሆኖልናል። በረመዳን የትምህርት ሰዓቱ ያጥራል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ልጆች የሚጫወቱት በአዳራሽ ውስጥ ነው።

አስቀድመው እንዲያውቁት የምፈልገው የበዓላቱን ጉዳይ ነው። ረጅሙ ዕረፍት በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ አገር ቤት የሚመጡት በክረምቱ ዝናብ ነው፤ ወደ ሥራ የሚመለሱትም ፍልሰታ ሳትፈታ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል የትምህርት ዘመኑ ገና በተጀመረበት ሰሞን ስለሚውሉ ከቤተሰብ ጋር አያከብሯቸውም። የታኅሣሡ ዕረፍት በፈረንጆች ገና የተቆረጠ በመሆኑ፣ የእኛ ገና ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነዎት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ቀኑ የሚወሰነው አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሆነ ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር የሚገጥመው በዕድል ነው። በየዓመቱ ይህን ሁሉ ማጣት ከሥራው ብዛት ይልቅ ልብ ይጎዳል።

መልስ 2፦ የሒሳብ መምህር፣ ናይሮቢ

የማስተምረው ሐዋሳን አቋርጦ በሞያሌ በሚያልፈው መንገድ ጫፍ፣ ናይሮቢ ነው። ስለ ጉዞ ለጠየቁት ልመልስ። ኬንያን ለመጎብኘት ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከዚያ በላይ ሲታሰብ ግን ፓስፖርታችን የባልደረቦቻችንን ያህል በር አይከፍትም። እነርሱ ለዕረፍቱ ሳምንት ቲኬት የሚቆርጡት ዕረፍቱ ሲቃረብ ነው፤ እኛ ከወራት በፊት ማሰብ አለብን። በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ለሸንገን፣ ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው ቢበዛ 6 ወር፣ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የሚያመለክቱትም ከሚኖሩበት አገር ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃድዎ ጊዜ እንዳያጥር ይጠንቀቁ። በአንጻሩ የገልፍ አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው ያለ ቪዛ የሚቀበሉ እንደ ጆርጂያ ያሉ አገሮች አሉ፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ተማሪ ይዞ መጓዝ ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። ቀድሞ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ጉዞውን ያዘጋጁት ሰዎች የሁሉንም መምህር ፓስፖርት አንድ ዓይነት አድርገው ስለገመቱ የእኔ ቪዛ በጊዜው ሳይደርስ ቀረ፤ ተማሪዎቼም ከማያውቁት መምህር ጋር ሄዱ። ስለዚህ የጉዞው ዝርዝር በዓመቱ መጀመሪያ ሲወጣ ሁኔታዎን በጽሑፍ ያሳውቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቱ የሚከተለው የካምብሪጅን ሥርዓተ ትምህርት ነው ወይስ የዓለም አቀፉን ባካሎሬት? የባካሎሬቱ ዲፕሎማ ከሆነ እያንዳንዱ የሒሳብ ተማሪ ከ12 እስከ 20 ገጽ የሚደርስ የራሱን የምርመራ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ይህም ከመጨረሻው ውጤት 20 በመቶውን ይይዛል። መምህሩ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ይሰጣል፣ ያርማል፤ ናሙናውም በውጭ መርማሪ ዳግም ይታያል። እነዚያን ሳምንታት ለጉዞ አያስቧቸው። እኔ ግን በሙያዬ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ሥራ የለም፤ ተማሪው ራሱ ባነሳው ጥያቄ ሒሳብን ሲያገኘው ማየት ያስደስተኛል።

መልስ 3፦ ተመላሽ መምህርት፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ እኔ ኤምሬትስ አስተምሬ ተመልሼ አሁን እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። የጋብቻና የልጆችሽን የልደት ምስክር ወረቀት ከዲግሪሽ ጋር አብረሽ አረጋግጪ። በአገር ውስጥ የሚመለከታቸው አካላት ካረጋገጡት በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደ ኤምሬትስ ኤምባሲ ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ አዲስ አበባ መመላለስ ስለሆነ ነሐሴ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ከአሁኑ መጀመር አለበት።

በኤምሬትስ ሕግ የሙከራ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም። በእኔ አስተያየት ያን ጊዜ ብቻሽን አሳልፈሽ፣ ቤቱንና ሥራውን አይተሽ፣ ከዚያ ቤተሰብሽን ብትወስጂ ይሻላል። ልጆችን ሁለት ዓመት ሙሉ ትቶ መኖርን ግን አልመክርሽም። ደመወዝሽ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ከሆነ ባለቤትሽንና ልጆችሽን በራስሽ ስም ማስገባት ትችያለሽ፤ ባለቤትሽም ቀጣሪ ካገኘ የሥራ ፈቃድ ሊወጣለት ይችላል። የቅጥር ወጪን ቀጣሪው ከሠራተኛው መቀበል፣ ፓስፖርትንም መያዝ ክልክል ነው፤ ማንም ቢጠይቅሽ እሺ እንዳትዪ።

ደመወዙ በውሉ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለም ተመልከቺ። ሥራ ስትለቂ የሚሰጥሽ የአገልግሎት ክፍያ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ሲሆን የሚሰላው አበል ሳይጨመር ከመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። ጠቅላላው ትልቅ ሆኖ መሠረታዊው ትንሽ ከሆነ ስትመለሺ እጅሽ ላይ የሚቀረው ያንሳል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውሉን ዳግም ሳነበው ስለ ልጆች የትምህርት ክፍያ ምንም እንደማይል፣ ቲኬቱም «ለመምህሩ» ብቻ እንደሆነ አየሁ። ይህን መጠየቅ ዕድሌን ያበላሽብኝ ይሆን?

መልስ 1፦ የፊዚክስ መምህር፣ አቡ ዳቢ

በፍጹም አያበላሽም፤ ከመፈረምዎ በፊት የሚጠየቅ የተለመደ ጥያቄ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ልጆች ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናሉ። ሦስት ነገሮችን በኢሜይል ይጠይቁ፦ ለስንት ልጅ ምን ያህል እንደሚሸፍኑ፣ የጤና መድኑና ቲኬቱ ቤተሰቡን ይጨምር እንደሆነ፣ ልጆቹ በዓመቱ አጋማሽ ቢመጡ ቦታ ይያዝላቸው እንደሆነ። መልሱ በቃል ወይም በስልክ ከመጣ «በውሉ ላይ ይጨመርልኝ» ይበሉ። ካልጨመሩት ለሁለት ልጆች የሚከፍሉትን ከደመወዝዎ ቀንሰው ያስሉ፤ የቀረው ከሐዋሳው ኑሮ ካልበለጠ ይህን ውል ባይፈርሙ ይመረጣል።