የኮምቦልቻ የቴሌግራም ወሬ ባቲ ገበያ እስኪደርስ ያለውን መንገድ እንዴት ላጥናው?

ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሬዲዮ ዘጋቢነት ስሠራ ቆይቼ አሁን በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ የማስገባበት ጊዜ ስለደረሰ ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

ኮምቦልቻ ላይ የማሽላና የፍየል ዋጋ፣ የመንገድ መዘጋትና መከፈት፣ ከጂቡቲ የሚገባው ጭነት ወሬ በቴሌግራም ቡድኖች ይዞራል። ወሬው ግን ስልክ ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም። ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው፣ ስማርት ስልክ ይዞ የማያውቅ የአፋር ግመል ሻጭ የማለዳውን ወሬ አውቆ ሲደራደር ያያል። ከማን ሰማ? ኮምቦልቻ ላይ በአማርኛ የተጻፈው በአፋርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ የደረሰው? እስኪደርስስ ምን ተጨመረበት፣ ምን ወደቀበት? ላጠና የምፈልገው ይህንን ነው።

አማካሪዬ የፌስቡክ ገጾችን ሰብስቤ የይዘት ትንተና እንድሠራ ይመክሩኛል። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ጽሑፉ ተቀምጦ ይገኛል፣ ይቆጠራል፣ የውጭ መጽሔትም ቶሎ ይረዳዋል። ሆኖም «ባቲ ገበያን ከዲጂታሉና ከዓለም አቀፉ ኮሙኒኬሽን ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሲሉኝ ልቤ አልተቀበለውም። የቴሌግራም ዋና መሥሪያ ቤት ዱባይ ነው። በሚሌ በኩል የሚገባው መኪና የሚጭነው ከጂቡቲ ወደብ ነው። ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱት እህቶቻችን ለእናታቸው ፍየል ለማስገዛት ዋጋውን በድምፅ መልእክት ይጠይቃሉ። ዓለም ከዚህ በላይ እንዴት ይምጣልን?

የትኛውን ንድፈ ሐሳብ ልያዝ? የቡድኖቹን መልእክት መሰብሰብስ ይፈቀድልኛል? በዚህ መስክ የሠራችሁ ወይም በቦታው የምትውሉ ካላችሁ ጻፉልኝ።


መልስ፦ የሆጤ መምህር

ልጄ፣ ርእስሽን አትልቀቂው። አማካሪሽን ግን በዘርፉ ታሪክ አሳምኛቸው።

እ.ኤ.አ. በ1940 የኮሙኒኬሽን ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ በተባለች አውራጃ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ዘመቻ ሲከታተሉ፣ 600 ሰዎችን ለወራት እየተመላለሱ ጠየቁ። ሬዲዮና ጋዜጣ መራጩን እንዴት እንደሚለውጡት ለማየት ወጥተው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያደርገው ጨዋታ ይበልጥ እንደሚያሳምን አገኙ። የሁለት ደረጃ ፍሰት የሚባለው ሐሳብ፣ ማለትም ወሬ ከመገናኛ ብዙኃን ወደ መካሪዎች፣ ከእነርሱም ወደ ሌላው ሰው ይፈስሳል የሚለው፣ የተወለደው ከዚያ ነው። በኋላም ኢሊኖይ ውስጥ በዲኬተር ከተማ ወደ 800 የሚጠጉ ሴቶችን ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ፋሽን፣ ስለ ፊልምና ስለ ሕዝብ ጉዳይ ማን እንደሚመክራቸው ጠየቁ፤ መካሪ የተባሉትንም ቤታቸው ድረስ ተከታትለው አነጋገሩ። ላዛርስፌልድና ባልደረባው ካትዝ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1955 አሳተሙት። አንቺም ባቲ ላይ ያንን ማድረግ ትችያለሽ። ከሻጩ ተነሺና «ይህንን ማን ነገረህ?» እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ፤ መጨረሻው ኮምቦልቻ አንድ ስልክ ላይ ያደርስሻል።

ለኦሃዮ የተሰፋ ልብስ ለባቲ ልክ ይሆናል አልልሽም። አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቸኩለው እንኳ ቢሆን፣ አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ታመመና ስለ ሞተ ሰው ይነጋገራሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል። ሐሰት ያወራ በባህሉ ይጠየቃል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንድ መልእክት መነሻው ሳይታወቅ ሺህ ቡድን ይዞራል። እንግዲህ የጥናትሽ እምብርት ይህ ይመስለኛል፦ ባለቤት የሌለው ወሬ ባለቤትን ወደሚጠይቅ ሥርዓት ሲገባ ኃላፊነቱን ማን ይሸከማል? ይህንን ጥያቄ ለየትኛውም የውጭ መጽሔት ብትልኪው አታፍሪበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጉዳዩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ወሎ ለዓለም መገናኛ ብዙኃን አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ ለእኛ ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ያኔ ወሎ ነበረች። ሁለቱም ጊዜ ወሎዬው የታየ ሰው ነበር። ወሬ የሚሰማ፣ የሚያጣራ፣ የሚያስተላልፍ ሰው ሆኖ ይጠና ዘንድ ይገባዋል፤ ለዚህም ነው ርእስሽን የወደድሁት።


መልስ፦ ፊደል ለቃሚ

መምህሩ ንድፈ ሐሳቡን ስላሉ እኔ ወደ መረጃው ልግባ፤ ሥራዬም የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር መተንተን ነው።

መጀመሪያ፣ ፌስቡክ «ተቀምጦ ይገኛል» የሚለው እንደ ድሮው አይደለም። ተመራማሪዎች የፌስቡክ ልጥፎችን ለመፈለግና ለመከታተል ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ዘግቶታል። የተተካው አገልግሎት ማመልከቻና ፈቃድ ይጠይቃል። ትዊተርም ተመራማሪዎች መረጃ በነጻ ያወጡበት የነበረውን በር እ.ኤ.አ. በ2023 ዘግቷል። አማካሪሽ ቀላል ነው ያሉት መንገድ ለደሴ ተማሪ ቀላል አይደለም፤ ይህንን በጽሑፍ አቅርቢላቸው።

ቴሌግራም ይሻላል። በኮምፒውተር የሚጫነው መተግበሪያ አባል የሆንሽበትን ቡድን ውይይት ከነድምፅ መልእክቱ አውጥቶ ያስቀምጥልሻል። ድምፁን አደራ አትተዪው። የነጋዴ ቡድን ግማሽ ሕይወቱ ድምፅ ነው፤ ጽሑፉን ብቻ የቆጠረ ተማሪ፣ መጻፍ የሚቀናቸውን ሰዎች ብቻ ነው የሚያጠናው። ፊደላቱን ደግሞ ከመቁጠርሽ በፊት አንድ አድርጊ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ካልሆነ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ቃል ሆነው ይቆጠሩብሻል። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አማርኛም ለብቻው መዝግቢ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ አባል መሆን ለጥናት መቅዳትን አይፈቅድም። የቡድኑን አስተዳዳሪ ጠይቂ፣ ቡድኑ ውስጥም ማንነትሽን ጽፈሽ አስታውቂ፣ የማይፈልግ ሰው መልእክቱን እንድታወጪለት መንገድ ስጪው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ለዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስታቀርቢ ጥቀሺው። ስልክ ቁጥርና ስም ወዲያው ከመረጃው ላይ ይጥፉ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቡድኖቹ ለወራት ዝም ብለዋል። መረጃሽ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ገበያው አልቆመም። በዚያ ጊዜ ወሬው በምን ሄደ ብለሽ ጠይቂ፤ ለዚህ መልስ የሚሰጥሽ ሰው ብቻ ነው።


መልስ፦ የሚሌ መንገድ

እህታችን፣ እኔ ኮምቦልቻ ላይ ጭነትና መኪና የማገናኝ ደላላ ነኝ። ስለ ንድፈ ሐሳቡ አልገባም፤ ሥራውን ግን ልንገርሽ።

ቡድን ውስጥ ዋጋ ሲለጠፍ ወዲያው አላወራውም። መጀመሪያ ባቲ ወይም ሚሌ ላለ ሾፌር እደውላለሁ። እሱ «እውነት ነው» ካለ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አጠገቤ ጫኝና አውራጁ አለ፣ ሻይ የምታፈላዋ አለች፣ ፍየል ገዥው አለ። ከእነዚህ አንዱ ባቲ ይወርዳል። እዚያ ሦስቱንም ቋንቋ የሚናገሩ አገናኞች አሉ፤ ከአፋሩ ጋር የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። እነሱ ዘንድ ስትደርሺ ነው ወሬው የሚለወጠው። ደላላ ለሻጭ የሚነግረውና ለገዥ የሚነግረው ዋጋ አንድ አይደለም፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን እንጀራው ነው። «ወሬው ተዛባ» ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊው።

ሰኞ ዕለት ደብተር ይዘሽ አትምጪ፤ ማንም ጊዜ የለውም። ሰኞን እዪ፣ ስሚ፣ ማክሰኞ ጠይቂ። ታርጋና የጉዞ ሰዓት አትመዝግቢ፤ ሾፌሮቹ ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውም ምክንያት አለው።


ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር ልጅ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ «ኃላፊነቱን ማን ይሸከማል» ያሉትን ዋና ጥያቄዬ አድርጌዋለሁ። ፊደል ለቃሚ፣ ኢንተርኔት የጠፋበት ወቅት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሆናል፤ የክራውድታንግሉን ጉዳይም ለአማካሪዬ ጽፌ ልኬያለሁ። ጥቂት የፌስቡክ ገጾችን ለማነጻጸሪያ ልይዝና የቀረውን በአካል ልሠራ አስቤያለሁ።

ወንድሜ የሚሌ መንገድ፣ አፋርኛ የሚችል ረዳት ያስፈልገኛል። ወንድ ይሻላል ወይስ ሴት?


መልስ፦ የሚሌ መንገድ

ሴት ያዢ። ግመሉ ዘንድ ወንዶቹ ለማንም ይናገራሉ፤ ቅቤና ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች ግን ለወንድ ጠያቂ ብዙ አያወሩም፤ ወሬ ወደ መንደር የሚመለሰውም ከእነሱ ጋር ነው። ስትወርጂ በዚሁ ጻፊልኝ፣ ባቲ ካሉት አገናኞች ጋር አስተዋውቅሻለሁ።