ባክላንድ ላይ ስንት ሰው ሞተ?

አዘጋጁ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ባክላንድ ነው። እ.አ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1857 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ወርቅ ፈላጊ ነጮች ተሰብስበው ቻይናውያኑን ከባክላንድ ወንዝ ሸለቆ አባረሩ። ድንኳን አቃጠሉ፣ ሱቅ ዘረፉ፣ ገና የተሠራውን ቤተ መቅደሳቸውንም አነደዱት። በመዝገብ የሰፈረው የሞቱ ቻይናውያን ቁጥር 3 ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሕመምና ብርድ ተብሏል። ሲሸሹ ወንዝ የወሰዳቸው አሉ ያሉም ነበሩ። ታዲያ እነዚህን ከተገደሉት እንቁጠራቸው ወይስ አይቆጠሩ?

የሕግ ተማሪው፦ አይቆጠሩም። ተገደለ ለማለት ገዳይ ያስፈልጋል። ብርድን ማን ይከሰዋል? ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጠው የፈራጆች ቡድን፣ ተከሳሾቹን ከከባዱ ክስ ነጻ ብሏቸዋል።

የፉትስክሬዋ (ከሜልቦርኑ ሰፈር)፦ ወንድሜ፣ አንተ ቤቴን ብታቃጥልና ስሸሽ ገደል ብገባ፣ ገደሉ ነው የገደለኝ ልትል ነው? ጁላይ እዚህ የክረምት እምብርት ነው። እኔ ሜልቦርን ሆኜ ማሞቂያ አላጠፋም፤ እነሱ ተራራ ሥር ነበሩ። ድንኳናቸው እየነደደ፣ አልጋቸውና ስንቃቸው እዚያው ቀርቶ፣ በለበሱት ልብስ ነው የተባረሩት። ታመው የተኙም ነበሩ። በዚያ ብርድ ከአልጋው የተነሳ በሽተኛ ምን እንደሚሆን ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም።

ሹፌሩ፦ ሐዘኑ ይገባኛል እህቴ። ግን ቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሌላውን የወርቅ ቦታ፣ ላምቢንግ ፍላትን እዩት፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ 1861። ቻይናውያኑን ደብድበው፣ የጸጉራቸውን ጉንጉን ቆረጡ፤ የአንዳንዱን ከነቆዳው። ካሳ የጠየቁት 1,568 ነበሩ፤ የተከፈላቸው 706 ብቻ። እንዲያም ሆኖ በዚያ ግርግር መሞቱ በይፋ የተመዘገበው አንድ ወርቅ ቆፋሪ ነጭ ነው። እሱም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከፖሊስ ጋር በተፈጠረ ግጭት። ስለዚህ መቶ ሰው አለቀ ብለን ከተነሳን፣ ነገ አንዱ መዝገብ ገልጦ ሙሉውን ታሪክ ውሸት ያደርገዋል።

ጋሽ መምህር፦ ልክ ነህ ልጄ፣ መጋነን የለበትም። ግን መዝጋቢው ማን ነበር? ቪክቶሪያ በ1855 ከእያንዳንዱ ቻይናዊ መንገደኛ 10 ፓውንድ የመግቢያ ቀረጥ የጣለች ናት። ቀረጡን ለማምለጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ደቡብ አውስትራሊያ ሮብ ወደብ ላይ እየወረደ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጓዘ። በመንገድ የቀሩም አሉ። እነሱስ ከየትኛው ዝርዝር ይግቡ?

ሌላም ልጨምር። ከቢችወርዝ ከተማ ፖሊስ ይዞ ባክላንድ ድረስ የመጣው ሮበርት ኦሃራ በርክ ነው። በኋላ አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ላቋርጥ ብሎ ሄዶ በ1861 በረሃ ላይ ሞተ። ሐውልት ቆመለት። እሱን የገደለው ረሃብ ነው፤ ግን እንዴት እንደሞተ ስንት ተጻፈ፣ መንግሥትም አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመለት! ከእነዚያ 3 ሰዎች የአንዱን ስም የሚጠራ ተማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ፣ ይሄ ያሳዝናል እንጂ ማስረጃ አይደለም። ጁሪው...

የፉትስክሬዋ፦ ጁሪ ጁሪ አትበለኝ! ፍርዱ ሲነበብ እኮ ሕዝቡ በደስታ ጮኋል። ከጁሪው ውስጥ ስንት ቻይናዊ ነበር? የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ቁጥሩ 3 ይሁን፤ ምክንያቱ ላይ ግን ከብርዱ በፊት ማባረሩ ይጻፍ። የወንዙ ጉዳይም ያኔ የተነገረው ለብቻው ይስፈር፣ ሳይደመር።

ሹፌሩ፦ ሳይደመር ከሆነ ተስማምቻለሁ።

የሕግ ተማሪው፦ እኔ አልተስማማሁም። ማባረር ወንጀል ነው፣ ግድያ ግን አይደለም። ሁለቱን ካቀላቀልናቸው መዝገቡ ለማንም አይጠቅምም።

ጋሽ መምህር፦ እንግዲያው ማባረሩን በስሙ ጻፍልን፤ ከዚያ እንቀጥላለን።